ለወሎ ቤት ጌኮ ሲመረጥ፦ የትኛው ዝርያ፣ በየትኛው ማሞቂያ?

ከደሴ ተሳፍሮ ሐረጎን ቁልቁል የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሳይደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ጌኮ የሚባለው የእንሽላሊት ዓይነት ግን ጃኬት የለውም፤ ሰውነቱም ሙቀት አያመነጭም። የበላውን ለመፍጨት፣ በሽታን ለመቋቋም፣ ለመንቀሳቀስም ጭምር ከውጭ የሚያገኘው ሙቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በወሎ ጌኮ ለማሳደግ ያሰበ ሰው ከመልኩ በፊት ሁለት ጥያቄ ይመልስ፦ ቤቴ ሌሊት ስንት ዲግሪ ይወርዳል? መብራት ሲጠፋስ ስንት ሰዓት ይቆያል?

እዚህ የሚነጻጸሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጌኮው ዝርያና የማሞቂያው ዓይነት። ዝርያውን ጠበብ፣ ማሞቂያውን ሰፋ አድርገን እናያለን። በቤት ውስጥ የሚታዩ ብዙ የጌኮ ሕመሞች፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ሆድ ድርቀት፣ የሳንባ ብግነት፣ መነሻቸው ሲፈተሽ ብርድ ሆኖ ይገኛልና።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ። ማታ ማታ ግድግዳ ላይ መብራት ሥር የምትታየዋም ጌኮ ናት፤ ቢንቢና ዝንብ ትለቅማለች፤ ባለችበት ተዉአት። ከዱር የተያዘ ጌኮ በሳጥን ውስጥ ይጨነቃል፣ ምግብ ይተዋል፣ ብዙ ጊዜም የሆድ ውስጥ ጥገኛ ትሎች ይዞ ነው የሚገባው። በሕግም ቢሆን የዱር እንስሳ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚገዛና ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ከውጭ የመጣ ጌኮ የምትገዙ ከሆነ በቤት ተራብቶ የተወለደ መሆኑንና በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀት የሌለውን አትግዙ።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው የሌሊት ሙቀት ነው። ሳጥኑ በሚቀመጥበት ክፍል፣ በሚቀመጥበት ቁመት ላይ ቴርሞሜትር አድርጉና ለአንድ ሳምንት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አንብቡ። የሚታመነው ልኬት ከኅዳር እስከ ጥር የተወሰደው ነው፤ በግንቦት ለክቶ ማሞቂያ የገዛ ሰው በታኅሣሥ ይቸገራል። ግምት ለሚፈልግ፣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ወልድያ ወደ 2,000፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ቆቦና ባቲ ወደ 1,500፣ ከሚሴ ወደ 1,450 ሜትር ላይ ናቸው። የቤቱ አሠራርም ከከፍታው ባልተናነሰ ይለያያል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ቀን ይግላል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ወፍራም ግድግዳ ያለው የጭቃ ቤት ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ያድራል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ቁም ነገሩ በወር ስንት ጊዜ ጠፋ የሚለው አይደለም። ረጅሙ መጥፋት ስንት ሰዓት እንደቆየ ያዙ፤ ጌኮውን የሚጎዳው እሱ ነው። ቀጥሎ እርጥበት ይመጣል፦ የበጋው ደረቅ አየርና የሐምሌና የነሐሴው ጭጋግ የተለያየ ችግር ያመጣሉ። ምግቡም ለአንድ ወር ሳይሆን ለዓመታት የሚገኝ መሆን አለበት። በመጨረሻም የወር የኤሌክትሪክ ፍጆታና የእሳት አደጋ ይታያሉ። የገበያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ እዚህ በብር አልተጻፈም፤ ዋትና ኪሎ ዋት ሰዓት ግን አይለወጡም፣ በታሪፋችሁ አባዟቸው።

የትኛው ጌኮ?

*ሌፐርድ ጌኮ* የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ አገር እንስሳ ነው። በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ሆዱን የሚያስተኛበት ሞቃት ወለል ከ32 እስከ 34 ዲግሪ፣ የሳጥኑ ቀዝቃዛ ጎን ከ22 እስከ 26 ዲግሪ እንዲሆን ይፈልጋል። ቀን በቂ ሙቀት ካገኘ ሌሊት አየሩ እስከ 18 ዲግሪ ቢወርድ ይችለዋል። እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ይበቃዋል፤ የወሎ በጋ ለእሱ የተስማማ ነው። ግድግዳ ስለማይወጣ ወለሉ ሰፊ የሆነ ሳጥን ይሁን፦ ለአንድ ጎልማሳ ቢያንስ 60 በ45 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል 90 በ45። ስብ የሚያከማችበት ወፍራም ጭራ ስላለው ጥቂት ቀን ምግብ ቢጎድልበት አይወድቅም። ትልቁ ገደቡ የሚበላው በሕይወት ያለ ነፍሳት ብቻ መሆኑ ነው። ፍራፍሬና ቅጠል አይበላም።

*ክሬስትድ ጌኮ* የኒው ካሌዶኒያ ደሴቶች የዛፍ ነዋሪ ነው። ጠፍቷል ተብሎ ቆይቶ በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደገና ተገኘ። የሚወደው ሙቀት ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሲሆን ሌሊት 18 ድረስ ይችላል። ለደሴ ሰው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ በክፍሉና በሚፈለገው ሙቀት መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ነው። በሌላ በኩል ከ28 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ከቆየ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። በቆቦና በከሚሴ ከግንቦት እስከ ሰኔ ክፍሉ 30 ዲግሪ ያልፋል፤ ማሞቅ ቀላል ነው፣ ማቀዝቀዝ ግን አስቸጋሪ ስለሆነ ለቆላው ወሎ አይመከርም። ቁመት ያለው ሳጥን፣ 45 በ45 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ከ60 እስከ 80 በመቶ እርጥበትና ማታ ማታ ውሃ መርጨት ይፈልጋል። ዋና ምግቡ ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የስድስት ወር ክምችት ሳይኖር እንስሳውን መግዛት አደጋ አለው። ዱቄቱ ሲያልቅ ሙዝ ብቻ እየመገቡ መክረም መንጋጋው እስኪለሰልስ ድረስ አጥንቱን ያሟሟዋል፤ ሙዝ ካልሲየሙ ትንሽ፣ ፎስፈረሱ ብዙ ነውና።

ሦስተኛው፣ ከሴኔጋል እስከ ካሜሩን የሚኖረው ባለወፍራም ጭራ የአፍሪካ ጌኮ፣ የሌፐርድን ሙቀትና ከ50 እስከ 70 በመቶ እርጥበት በአንድ ላይ ይፈልጋል። ሁለቱን በደጋ ላይ አንድ ላይ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ሙቀቱ ሲወርድ እርጥቡ አየር በቀጥታ የሳንባ ብግነት ያመጣል። ለጀማሪ አይሆንም።

የትኛውንም ብትመርጡ በአንድ ሳጥን አንድ ብቻ አኑሩ። ሁለት ወንዶች እስከ መገዳደል ይጣላሉ፤ ሁለት ሴቶችም ቢሆኑ አንዷ ሞቃቱን ቦታ ይዛ ሌላዋን ታስርባለች።

ማሞቂያዎቹ አንድ በአንድ

ለሁሉም የሚሠራ ደንብ አለ፦ የሳጥኑ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሙቅ፣ ሌላው ጫፍ ሳይሞቅ ይቅር። ጌኮው ሲበርደው ወዲህ፣ ሲሞቀው ወዲያ እየሄደ ሙቀቱን ራሱ ያስተካክላል። ሳጥኑ ሁሉ እኩል ከሞቀ መሸሻ የለውም።

ሌላው ደንብ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱ ከተሞላው ቁጥር ሲያልፍ ማሞቂያውን የሚያጠፋ፣ ሲወርድ የሚያበራ መቆጣጠሪያ ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ማሞቂያ ወይ ያቃጥላል ወይ አያሞቅም። ለጌኮ ተብሎ የተሠራው ባይገኝ ለእንቁላል ማስፈልፈያ የሚሸጠው፣ ባለ ሽቦ መለኪያና ባለ ቁጥር ማሳያው መቆጣጠሪያ ይሠራል። ሁለት ዓይነት ስላለ ሲገዙ መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ሌላው 12 ቮልት የሚፈልግ ነው። ውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ከጊዜ በኋላ ተጣብቆ እንደበራ ሊቀር ስለሚችል በሳምንት አንድ ቀን የሙቀት ቁጥሩን ዝቅ አድርጋችሁ ማሞቂያው በትክክል መጥፋቱን አረጋግጡ።

*ማሞቂያ ምንጣፍ።* ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ ስስ የኤሌክትሪክ ጨርቅ ነው። 15 በ28 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 7 ዋት፣ 28 በ28ቱ ወደ 12 ዋት ይወስዳል። ለ60 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ትንሹ፣ ለ90 ትልቁ ይበቃል። ለሌፐርድ ጌኮ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው፤ ሆዱን አስተኝቶ የሚሞቅ እንስሳ ነውና። ሌሊትም ቀንም ብርሃን ሳይረብሸው ይሠራል። ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ቢበራ 7 ዋቱ በወር ወደ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ 12 ዋቱ ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ቴርሞስታት ካለው ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

የሚበላሸው በአገጣጠም ነው። የመስታወት ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተለጥፎ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ መስታወቱን ይሰነጥቃል፤ በአራቱ ማዕዘን የለስላሳ ቆርኪ ወይም የጎማ ቁራጭ አድርጋችሁ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉት። ወለሉ ላይ ወፍራም አሸዋ ካለ ሙቀቱ ወደ ላይ አይደርስም፤ ጌኮው ይበርደዋል፣ ምንጣፉ ከሥር ይግላል። አሸዋ ሲዋጥ አንጀት ይዘጋል፣ ስለዚህ በሁለት ምክንያት አስወጡት። የወለል ሴራሚክ ንጣፍ አንድ ቁራጭ ምርጡ ነው፤ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ይታጠባል፣ ጥፍሩንም ይሞርዳል። ሳጥኑ የእንጨት ከሆነ ምንጣፉን ከውጭ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ ከውስጥ፣ ከሴራሚኩ ሥር ይነጠፍ። የቴርሞስታቱ መለኪያ ሴራሚኩ ላይ፣ ምንጣፉ መሃል ባለበት ቦታ ይቀመጥና 33 ዲግሪ ላይ ይሞላ። መለኪያውን በፕላስተር አትለጥፉት፤ ማጣበቂያው የጌኮውን ቆዳ ይገፍፋል። በሲሊኮን አጣብቃችሁ 48 ሰዓት አድርቁት። መለኪያው ከቦታው ተነቅሎ ቀዝቃዛው ጎን ከወደቀ ቴርሞስታቱ «አልሞቀም» ብሎ ምንጣፉን ያለማቋረጥ ያበራል፤ የሆድ ቃጠሎ በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ ነው።

ድክመቱ አየሩን አለማሞቁ ነው። ክፍሉ ሌሊት 12 ዲግሪ ሲሆን የሳጥኑ አየርም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጌኮው ምንጣፉ ላይ ተጣብቆ ያድራል፣ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ወደ ሌላው ጎን አይሄድም፣ የሚተነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው። ክፍላችሁ ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች ከወረደ ምንጣፍ ብቻውን አይበቃም።

*የሙቀት አምፖል።* ባለ ክር ወይም ሃሎጅን አምፖል፣ ከ40 እስከ 50 ዋት፣ ከወለሉ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የቀንን ፀሐይ ይተካል፤ ሥሩ ያለውን ድንጋይም አየሩንም ያሞቃል። ቁጠባ አምፖልና ኤልኢዲ ሙቀት ስለማይሰጡ ለዚህ አይሆኑም። አምፖል ሌሊት መጥፋት አለበት፣ የወሎ ችግር ደግሞ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ደጋፊ እንጂ ዋና ማሞቂያ አይሆንም። ቀይ ብርሃን ጌኮው አያየውም የሚባለው ስሕተት ነው፤ ያየዋል፣ እንቅልፉንም ይነሳዋል። በቀን 12 ሰዓት ቢበራ በወር ከ14 እስከ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል።

የጫጩት ማሳደጊያ ቀይ አምፖል በየከተማው ስለሚገኝ ብዙ ሰው ወደ እሱ ይሄዳል። እነዚህ 100፣ 150፣ አንዳንዴም 250 ዋት ናቸው፤ የተሠሩት በሰፊ ቤት ለብዙ ጫጩት ነው። በ90 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ውስጥ እንስሳውን ያደርቁታል፣ ቺፕውድና ጨርቅም ሊያቃጥሉ ይችላሉ። አትጠቀሙባቸው።

*ሴራሚክ ማሞቂያ።* እንደ አምፖል የሚገባ፣ ብርሃን የሌለው የሸክላ ማሞቂያ ነው። አየሩን ያሞቃል፣ ሌሊት እንስሳውን አይረብሽም፤ ለደሴ ሌሊት የተፈጠረ ይመስላል። ለ90 ሴንቲ ሜትር ሳጥን 60 ዋት በቂ ነው። ቴርሞስታቱ የአየሩን ሙቀት እንዲለካ አድርጋችሁ ሌሊት 20 ዲግሪ ላይ ሙሉት። ገጹ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ስለሚችል ሦስት ነገር ግዴታ ነው፦ የአምፖል መያዣው የሸክላ ይሁን፣ የፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ዙሪያው በሽቦ ወንፊት ይከለል፤ ከቅርንጫፍና ከመደበቂያ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ውሃ ሲረጭ በቀጥታ ከነካው ይሰነጠቃል። ሌሊት ብቻ፣ የጊዜውን ግማሽ ቢበራ በወር ወደ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ቀንም ከተጨመረ ወደ 22 ይጠጋል። አየሩን ስለሚያደርቅ የውሃ ዕቃውን ሰፋ አድርጉት።

*ትኩስ ውሃ።* ይህን መናቅ አያስፈልግም። 53 ዲግሪ ያለው 2 ሊትር ውሃ እስከ 25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 65 ዋት ሰዓት ሙቀት ይለቃል፤ ይህ 7 ዋቱ ምንጣፍ በ9 ሰዓት ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ በፈላ ውሃ ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ግማሽ የፈላ፣ ግማሽ ቀዝቃዛ አድርጋችሁ ሙሉ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ91 እስከ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ15 ዲግሪ ውሃ ጋር እኩል ሲደባለቅ 53 ዲግሪ ይሰጣል። ፕላስቲኩን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ በሳጥኑ አንድ ጎን አስተኙት። እንደ ክፍሉ ብርድ በየ4 ወይም በየ5 ሰዓቱ ይለወጣል። ለሌሊት ሁሉ አድካሚ ስለሆነ መደበኛ ማሞቂያ አይሆንም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ከሰልን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፦ አይሆንም። ጋዙ ሰውንም እንስሳንም ይገድላል። የቡናው ማንደጃና የዕጣኑ ጭስም ቢሆን ለትንሽ ሳንባ ከባድ ስለሆነ ሳጥኑ ቡና በሚፈላበት ክፍል አይቀመጥ።

ሳጥኑ ራሱ ያሞቃል

የደጋ ሰው ዋት ከመጨመሩ በፊት ሙቀት እንዳይወጣ ያድርግ። በአምስቱም ጎን መስታወት የሆነ ሳጥን ሙቀት አይዝም። አናጺ ዘንድ በ16 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ሦስቱን ጎንና ጣሪያውን አሠርታችሁ ፊቱን ብቻ መስታወት ብታደርጉት ይሻላል። አየር እንዲዘዋወር በአንዱ ጎን ታች፣ በሌላው ጎን ላይ በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ ይተው። መስታወት ሳጥን ላላቸው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም ከጀርባና ከሁለቱ ጎን ከውጭ ይለጠፍ። ምንጣፉ ሥር ግን ፎም አይገባም። ሌሊት ጋቢ ማልበስ የሚቻለው ማሞቂያው ምንጣፍ ወይም ትኩስ ውሃ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹም ሳይሸፈኑ ነው። አምፖል ወይም ሴራሚክ በበራበት ሳጥን ላይ ጨርቅ መጣል እሳት መጥራት ነው።

መብራት ሲጠፋ

12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነው ትንሹ የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ ብንል 42 ዋት ሰዓት ይቀራል። 12 ቮልት የሆነ 7 ዋት ምንጣፍ በቀጥታ ቢገናኝበት ወደ 6 ሰዓት ይሠራል። የ220 ቮልቱን ምንጣፍ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 በሚቀይር መሣሪያ) ብታገናኙት ኢንቨርተሩ ራሱ ስለሚበላ ወደ 3 ሰዓት ይወርዳል። 60 ዋቱ ሴራሚክ ደግሞ 40 ደቂቃ እንኳ አይቆይም። መብራት በብዛት በሚጠፋበት ሰፈር ላለ ሰው ባለ 12 ቮልቱ ምንጣፍ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ነው።

አንድ ሌሊት 16 ወይም 17 ዲግሪ ውስጥ ያደረ ጤነኛ ጎልማሳ ሌፐርድ ጌኮ አይሞትም። የሚጎዳው ጠግቦ ሳለ ብርድ ሲመጣበት ነው፤ ሙቀት ከሌለ ምግቡ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ከሆነ አትመግቡ፤ ከተመለሰም በኋላ ወለሉ 24 ሰዓት ሙሉ ሞቆ ሳይቆይ ምግብ አይቅረብ። ክፍሉ ከ12 ዲግሪ በታች እየወረደ ከሆነ ጌኮውን ቀዳዳ ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ፣ በደረቅ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ከተጠቀለለው ትኩስ ውሃ ጎን አኑሩት፤ ትንሽ ቦታ ቶሎ ይሞቃል። ለደህንነት ሲባል መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስፒናውን ነቅላችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሰኩት።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ማሞቂያ ምንጣፍ | የሙቀት አምፖል | ሴራሚክ ማሞቂያ | ትኩስ ውሃ |
|---|---|---|---|---|
| የሚያሞቀው | ወለል | ወለልና አየር | አየር | አጠገቡን ብቻ |
| ሌሊት | ይሠራል | አይሆንም | ይሠራል | ይሠራል |
| ኃይል | 7–12 ዋት | 40–50 ዋት | 60 ዋት | የለውም |
| በወር ፍጆታ (ኪሎ ዋት ሰዓት) | 5–9 | 14–18 | 11–22 | ማፍያው ብቻ |
| በ7 አምፒር ሰዓት ባትሪ | 7 ዋቱ በቀጥታ እስከ 6 ሰዓት | ከ1 ሰዓት በታች | ከ40 ደቂቃ በታች | አያስፈልገውም |
| ዋና አደጋ | የሆድ ቃጠሎ | እሳት፣ መሰበር | እሳት፣ ድርቀት | መፍሰስ፣ መዘንጋት |
| የሚስማማው | ሌፐርድ፣ ቆላና ወይና ደጋ | የቀን ድጋፍ | የደጋ ሌሊት፣ ክሬስትድ | የመብራት መጥፋት |

እንደ ቦታና እንደ አቅም

ቆቦ፣ ባቲና ከሚሴ ላለ ሰው ሌፐርድ ጌኮ ከምንጣፍና ከቴርሞስታት ጋር ይበቃል፤ ለታኅሣሥ ሌሊት አንድ ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲክ ይዘጋጅ። በግንቦትና በሰኔ ክፍሉ ራሱ 32 ዲግሪ ሲያልፍ ምንጣፉ ይጥፋ፣ ሳጥኑ ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቆ ወለል ላይ ይውረድ። በነዚህ ከተሞች ለወባ የቤት ውስጥ ርጭት ሲመጣ ሳጥኑ፣ የውሃ ዕቃውና የነፍሳቱ መያዣ ሁሉ አስቀድሞ ይውጣ፤ ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ አይመለስ።

ኮምቦልቻና ወልድያ መሃል ላይ ናቸው። ለሌፐርድ ምንጣፍና የቀን አምፖል ጥሩ ጥምረት ነው። ክሬስትድ የሚቻለው ቤቱ ኮርኒስ ካለውና በሞቃቱ ወር የክፍሉ ሙቀት 28 ዲግሪ የማያልፍ ከሆነ ነው።

ደሴ ላይ ሁለት መንገድ አለ። ሌፐርድ የወደደ ሰው ምንጣፍና ሴራሚክ ሁለቱንም፣ ሁለት ቴርሞስታት፣ የቺፕውድ ሳጥንና የባትሪ መጠባበቂያ ይያዝ። ዱቄቱን ያለ መቋረጥ የማግኘት መንገድ ያለው ደግሞ ክሬስትድ ከአንድ ሴራሚክ ጋር ቢይዝ ወጪውም ድካሙም ያነሰ ይሆናል። ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ሰፈሮች የክረምቱ ጭጋግ ሳጥኑን ስለሚያረጥብ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ መርጨቱ ይቀንስ።

እንደ ወገልጤና ባለ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ደጋ ላይ፣ አስተማማኝ መብራት ከሌለ ጌኮ ባይያዝ ይሻላል። እንስሳው ዘመኑን ሁሉ በብርድ ይሠቃያል።

ገንዘብ ያነሰው ሰው የሚገዛበት ቅደም ተከተል፦ ቴርሞስታት፣ ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር፣ ምንጣፍ፣ ከዚያ ሳጥን። ጌጥ አያስፈልግም፤ የተገለበጠ የሸክላ ስባሪ መደበቂያ ይሆናል። በኮሮና ጊዜ የተገዛ የግንባር ሙቀት መለኪያ ያለው ሰው «የዕቃ ገጽ» በሚለው ምርጫ ላይ አድርጎ ወለሉን ሊለካበት ይችላል፤ በሰውነት ምርጫ ላይ ከሆነ የሚያወጣው ቁጥር ውሸት ነው። ቴርሞስታቱን መግዛት ያልቻለ ጌኮውን ለጊዜው ይተወው።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚገድለው

ምግብ ላይ የሚሠራው ስሕተት ካልሲየም አለመጨመር ነው። ነፍሳት ሁሉ ማለት ይቻላል ካልሲየማቸው ትንሽ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ 10 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ደርቆ እንደ ዱቄት ከተፈጨ ጥሩ ካልሲየም ነው፤ ነፍሳቱን በላስቲክ ውስጥ ከአንድ ቁንጥር ጋር ናጥ ናጥ ማድረግ ይበቃል። ቫይታሚን ዲ3 ግን ቅርፊቱ ውስጥ የለም፤ ዲ3 ያለበት የጌኮ ካልሲየም በወር ሁለቴ ይጨመር። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ ዲ3 አይሠራም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። የመስታወት ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ማውጣት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ እንስሳውን ይገድላል።

ነፍሳቱ በጌኮው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጡ። ግልገል በየቀኑ፣ ጎልማሳ በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይበላል። በመስከረምና በጥቅምት ከመስክ የሚያዝ ፌንጣ ጥሩ ምግብ ነው፤ ፀረ ተባይ ከተረጨ ማሳ ግን አይወሰድ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወሎን የወረረው ዓይነት አንበጣ ሲመጣ ርጭት ይከተለዋልና አንበጣ በፍጹም አይመገብ። የሽንት ቤት በረሮም እንዲሁ። ለዘላቂው በፉርሽካ ውስጥ የዱቄት ትል ማርባት ይሻላል፤ ለእርጥበት የካሮት ቁራጭ ይጨመርበት። ትሉ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ውስጥ በደንብ ይራባል፣ በደሴ ክፍል ሙቀት ግን በጣም ይዘገያል። ዕቃውን ከጌኮው ሳጥን ጣሪያ ላይ ብታስቀምጡት የሚወጣው ሙቀት ይረዳዋል።

በበጋ ቆዳውን ሲለውጥ አሮጌው ቆዳ ጣቱ ላይ ቀርቶ ደም ያግዳል፤ ጣቱ ጠቁሮ ይወድቃል። መከላከያው ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ጎን መካከል ማስቀመጥ ነው። ቆዳው ከቀረ 30 ዲግሪ በሆነ፣ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ በሚሸፍን ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆይታችሁ በጥጥ ቀስ ብላችሁ ግፈፉት። ደረቁን አትጎትቱ።

ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ጌኮ ጤነኛ መስሎ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኩት ይሻላል፤ የውሃ ዕቃውም የቤተሰብ ሳህን በሚታጠብበት ቦታ አይታጠብ።

በየሳምንቱ በወርቅ ሚዛን መዝኑትና ጻፉ። ከክብደቱ አሥር በመቶ ከቀነሰ፣ ጭራው ከሳ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም መንጋጋው ከለሰለሰ ሐኪም ይየው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ሐኪሙ ጌኮ አይቶ ባያውቅ እንኳ የትል እንቁላል የሚፈለግበት የዓይነ ምድር ምርመራ ለበግና ለዶሮ ከሚደረገው አይለይም። ትኩሱን ዓይነ ምድር በንጹሕ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ሳይደርቅና ፀሐይ ሳያገኘው በዚያው ቀን አድርሱ፤ ጌኮው መቼ እንደበላና ሳጥኑ ሌሊት ስንት ዲግሪ እንደነበርም በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ።